ፊልም የሌለው ስቱዲዮ

ረቡዕ፣ የካቲት 5 ቀን 1978

አራት ነጥብ የሚባል ነገር አታውቅም። ሃያ ሁለት ገጽ ቴአትር በአንድ ትንፋሽ። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ላርማት ተቀመጥኩ። እስከ ዘጠነኛው ገጽ አረምኩ፤ ከዚያ በኋላ እስክሪብቶው እጄ ላይ መኖሩንም ረሳሁት።

ጸሐፊዋ አስካለ ትባላለች፤ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛና የቀበሌያችን ኪነት ቡድን አባል ናት። ታሪኩ ዓለም ተቃጥላ ካለቀች በኋላ ነው። የተረፉ አራት ሰዎች በፈረሰ ፋብሪካ ውስጥ የፊልም ስቱዲዮ ይከፍታሉ። ካሜራ አላቸው፣ ፊልም የላቸውም። መንገደኛ ይመጣል። ካሜራው ፊት ቆሞ የጠፋበትን ሰው ሆኖ ያሳያል፤ እንዴት ይራመድ እንደነበር፣ እጁን እንዴት ይታጠብ እንደነበር። ሲጨርስ ዳይሬክተሯ «ፊልም የለንም፤ ግን አይተናል» ትለዋለች። አመስግኖ ይሄዳል። በቃ።

ሃያ አምስት ዓመት አስተምሬ እንዲህ የሚጽፍ አንድ ተማሪ አላፈራሁም። ይህም ያናድደኛል።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

የባህል ኮሚቴ ስብሰባ። አስር ሰዓት ተባለ፣ አስራ አንድ ተኩል ተጀመረ። ሊቀመንበሩ ጓድ ተፈራ ጽሑፉን ከፍቶም አላየው። ግን ዓለምን ያቃጠለው ማነው ብሎ ጠየቀ። ኢምፔሪያሊዝም መሆኑ ካልተነገረና መፈክር ካልገባበት ለቅዳሜው ትርኢት አዳራሹ አይከፈትም አለ።

አስካለ ከቀሚሷ ላይ ክር እየለቀመች፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ልጁን ነው። ያቃጠለውን ኋላ ይፈልጋል» አለች።

ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። የተፈራ ልጅ ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድ ደብዳቤ አልመጣም። አስካለ ይህን ማወቅ አለማወቋን እንጃ። ተፈራ ወረቀቱን ሰብስቦ ወደ እኔ ገፋው። የተማርከው አንተ ነህ፣ አስተካክለው አለኝ።

አርብ፣ የካቲት 7

አልተስተካከለም። መፈክሩን ለዳይሬክተሯ ሰጠኋት፤ አዲስ ልብስ ላይ የተለጠፈ አሮጌ እራፊ መሰለ። ለመንገደኛው ሰጠሁት፤ ባሰ። በሬዲዮ ይሰማ አልኩ፤ ዓለም ከጠፋች ማን ነው የሚያሰራጨው?

ከሥራ በኋላ ሀና ማርያም፣ አስካለ ቤት ሄድኩ። ከጓደኞቿ ጋር ካሜራውን ስትሠራ ደረስኩ። የእናቷ የስፌት መኪና የእንጨት ሽፋን፣ ፊቱ ላይ የወተት ጣሳ፣ ጎኑ ላይ ሲዞር ቀጭ ቀጭ የሚል እጀታ። እንከን ፈልጌ አጣሁ። ስለ አራት ነጥብ ግን ተቆጣኋት።

«ጋሼ፣ ስሰፋ መሃል ላይ ማቆም አልወድም» አለችኝ። ነጥቦቹን እኔው ጨረስኳቸው።

መላም መጣልኝ። መፈክሩን ከመጋረጃው በፊት ተፈራ ራሱ ያሰማ፤ ቴአትሩ ሳይነካ ይቅር። ለተፈራ ነገርኩት። ደስ አለው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ጥፋቱ የእኔ ነው። ዳይሬክተሯን የምትጫወተው አስካለ ራሷ ናት። ጭብጨባ ስትሰሚ መጋረጃው ይከፈት፣ አንቺም እጀታውን አዙሪ ብያት ነበር። እዚህ አገር ሊቀመንበር ሲናገር በየአረፍተ ነገሩ እንደሚጨበጨብ እንዴት ረሳሁ!

ተፈራ ገና «የተከበራችሁ» ከማለቱ ተጨበጨበ። መጋረጃው ተከፈተ። ቀጭ ቀጭ። ተፈራ ዞር ብሎ ካሜራውን አየ። የእውነት መሰለው። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ኮሌታውን አስተካከለ፣ ንግግሩን እንደገና ከሀ ጀመረ። መፈክሩን አሰምቶ እጁን እንዳነሳ ቆመ። አልወርድ አለ።

«ፊልም የለንም፤ ግን አይተናል» አለችው አስካለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተፈራ ወርዶ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ከዚያ ቴአትሩ። ስለ ትወናው የማወጣው እንከን የለኝም፣ እኔም ብሆን። ሁለተኛው መንገደኛ ጨርሶ እንደወረደ ከላፍቶ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከተመልካች መሃል ተነስተው መድረክ ላይ ወጡ። ማንም አልከለከላቸውም። ወንድሜ ነው አሉና እርፍ እንደጨበጡ ሆነው፣ እያፏጩ፣ መድረኩን ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። አስካለ እጀታውን አዞረች። ያንኑ ቃል አለቻቸው። አሁን የሳቀ የለም።

ሲያልቅ ተፈራ የካሜራውን ሳጥን የቀበሌው መጋዘን አስገብቶ ቆለፈበት። የሚመጣው ቅዳሜ ይደገም አይደገም ይታሰብበታል አለ። ትርጉሙን እናውቃለን።

እሁድ፣ የካቲት 9

አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጎራ አለች። ተፈራን ይቅርታ ጠይቂው አልኳት። «አላፌዝኩበትም ጋሼ። የሆነ ነገር የሚጠብቅ መስሎኝ ነው» አለች። የማትታረም። ያለ ሳጥኑ ስቱዲዮ የለም፣ ሌላ እንሥራ ብላትም እሺ አላለችም።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ተፈራ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ተማሪዎቹን አስወጥቼ በሩን ዘጋሁት። እሱ ግን ቆሞ ጥቁር ሰሌዳውን ያነብባል።

«ያ ሳጥን ፊት የሚቆም ሰው መናገር አለበት?» አለኝ።

የለበትም፣ መራመድም ይበቃል አልኩት።

«ልጄ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል» አለ። «ለውትድርና ሲመለመል ስሙን ከዝርዝሩ ላይ ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

የመጋዘኑን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ስለ ቅዳሜ አላነሳም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በመስኮት አየሁት። ሁለቱም እግሮቹ ጤነኞች ናቸው። ግቢውን ሲያቋርጥ፣ ማንም የማያየው መስሎት፣ ግራውን ይጎትት ነበር።