ከሌኒንግራድ የመጣው ቀበቶ

ቦሌ፣ ግንቦት 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለይርዳው

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ተመስገን።

የላክህልኝን ቀበቶ ታጥቄዋለሁ። የሩሲያ ቆዳ ይለጠጣል መሰለኝ፣ ጫማ ሰፊው እስካሁን ሦስት ቀዳዳ ጨመረበት። ለፋሲካ ጎረቤታችን የሻሽወርቅ ዶሮ ወጥ አምጥታልኝ ነበር። እናትህ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ስበላ ጉሮሮዬ አይቀበልም፤ ለውሻው ሰጠሁት። ወተት ይበቃኛል። አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር በር ላይ መውጣት ልማድ ሆኖብኛል።

ስለ ካንሰር ምርምራችሁ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩ። ያ ሕዋስ የሰውነትን ምግብ እየነጠቀ ያድጋል ብለሃል። ለመሆኑ ጠግቦ የሚተውበት ቀን የለውም? ለዕውቀት ያህል ነው የምጠይቅህ።

ትምህርትህን ሳትጨርስ እንዳትመጣ። ዓይን ለዓይን ያገናኘን። ሌላ ቀበቶ ግን አትላክ።

አባትህ እሸቴ