የተውሶ አባቶች

ኅዳር 7፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

የ9ኛ «ለ» ፈተና ታርሞ አላለቀም። እግሬ በረዶ ሆኗል። ሽማግሌዎቹ ጧት መጥተው ሄዱ። አልሆነም፣ ደብተሬ።

እህቴን የሺን የጠየቃት ዮሐንስ ነው፤ የሊማሊሞን መንገድ በሚጠግነው ካምፕ መካኒክ። አስመራ ተወልዶ ያደገ። የአባቱ አባት ሊን ከቻይና በመርከብ መጥቶ ምጽዋ የወረደ ሰው ነው። አስመራ የሰው ልብስ እያጠበ ኖረ፣ እዚያው አግብቶ ሞተ። የሺ ዮሐንስን ትወደዋለች። እኔም ዝምታውን እወድለታለሁ።

አጎታችን አያ ፈንታ ግን ከዳባት የመጡት ዘር ሊያስቆጥሩ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ የሺን የሚድሩት እሳቸው ናቸው። ዮሐንስ በእናቱ በኩል ሰባት ቤት እንደ ውሃ አወረደው። በአባቱ በኩል ተስፋዬ፣ ሊን፣ ከዚያ ዝም። አንዱ ሽማግሌ ከቻይና ጋር ምን ሊያዛምደን ብለው ሳቁ። አያ ፈንታ አልሳቁም። «ዝምድናውን መች ፈራሁ? አባቶቹን ያላወቀ ልጁን በማን ቤት ያሳድገዋል?» አሉ። እስከ ገና ቆጥሮ ይምጣ ተባለ።

የሺ ምሳ አልበላችም።

ኅዳር 9

ቀበሌ። መሠረተ ትምህርት። ዘር መቁጠር የፊውዳል ቅሪት ነው ብዬ አስተማርኩ። ጓድ ሊቀ መንበሩ አጨበጨበልኝ።

ከዚያ ዮሐንስ ት/ቤት በር ላይ ጠበቀኝ። እትዬ፣ የታሪክ መምህር ነዎት፣ የቻይና መጽሐፍ አያጡም፣ ይፈልጉልኝ አለ። እሺ አልኩ። የት አባቴ ልፈልግ?

ኅዳር 16

ጾም ገብቷል። ከሥጋ ጾምኩ፣ ከውሸት አልጾምኩም።

የማስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ የቻይና ሥርወ መንግሥታት ተደርድረዋል። ሚንግ፣ ዩዋን፣ ሶንግ፣ ታንግ፣ ሃን። የነገሥታት ዘመን መጠሪያ እንጂ የማንም አባት ስም አይደሉም። ዮሐንስን ጎንደር ያለች ጓደኛዬ የሊን ቤተሰብ የተጻፈበት መጽሐፍ አገኘች አልኩት። ሚንግ ሊንን ወለደ፣ ዩዋን ሚንግን ወለደ እያልኩ በቃሉ አስጠናሁት። ሁለት ሺህ ዓመት በአምስት አባት። ለየሺ ስል ነው። ለየሺ ስል ነው።

አጥንቶ ሲጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆየ። ዞር ሲል ታንግ ምን ሥራ ነበረው ብሎ ጠየቀኝ። ሐር ያቀልም ነበር አልኩ። ምላሴን በቆረጠው።

ታኅሣሥ 3

ቆጠረ። አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። አያ ፈንታ ከወንበራቸው ተነስተው ሳሙት። ሠርጉ ለጥር። እልልታ። እኔ ጓዳ ገባሁ፤ እዚያ የሚሠራ ሥራ ግን አልነበረኝም።

ታኅሣሥ 10

ክፍል ውስጥ የቻይና ምዕራፍ ላይ ደረስን። ዘለልኩት። ቀጥታ ጃፓን። አንዲት ተማሪ ለምን ዘለልነው አለች። ፈተና ላይ አይመጣም አልኩ። ይመጣል።

ዮሐንስ ሌላ ሰው ሆኗል ትላለች የሺ። ድሮ ካምፕ ውስጥ «ቻይናው!» ብለው ሲጠሩት አንገቱን ይደፋ ነበር። አሁን አዎ፣ የሃን ዘር ነኝ ይላቸዋል። ጠጅ ቤት መሄድ ተወ። ወንድ ልጅ ከተወለደ ሶንግ ሊለው ነው። የሺ እየሳቀች ነው የነገረችኝ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የኔማ ወለምታም አይደል። አስቤ፣ መጽሐፍ ገልጬ ያደረግኩት ነው። አፈርኩ፣ ደብተሬ። በሰው ባዶ ቦታ ላይ ተጫወትኩ።

ታኅሣሥ 17

ጎንደር የቻይና ሐኪሞች መጥተዋል አሉ። ዮሐንስ ፈቃድ ወስዷል። ቅዳሜ ሊሄድ ነው፤ አባቶቹን ቆጥሮላቸው መንደራቸው የት እንደሆነ ሊጠይቅ። ሸሚዝ ገዝቷል።

እጁን አጣምሮ ሲቆጥርላቸው ታየኝ። ሲተያዩ፣ ከዚያ ሲስቁበት። ብነግረው ሠርጉ ይፈርሳል። የሺ ቀሚሷን ልትለካ ሰፊው ዘንድ ሄዳለች። ዝም ብልስ? ሐኪሞቹ ሥራ በዝቶባቸው ባያናግሩትስ? እንዲህ እያልኩ ዋልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19፣ ጧት 2 ሰዓት

ነገርኩት። መናኸሪያው፣ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል። ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። አምስቱም? አለ። አምስቱም አልኩ። ሊንስ? ሊን ያንተ ነው አልኩት። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«እትዬ፣ ስጸልይ በየስማቸው እጠራቸው ነበርኮ» አለ። አውቶቡሱ ጥሎት ሄደ።

ቆይቶ፣ በሐሰት ቆጠራ የሰው ልጅ አላገባም አለ። 3 ሰዓት ላይ ወደ ዳባት በሚሄደው ጭነት መኪና ወርዶ ለአያ ፈንታ ሊናገር ነው። ስሞቹን ራሴ ፈጠርኳቸው እላለሁ አለ። የእርስዎ ስም አይነሳም፣ የሺ እህቷን ማጣት የለባትም አለ። ለመንኩት። አልሰማኝም።

ቤት ሮጬ መጥቼ ለየሺ ሁሉንም ነገርኳት። አላየችኝም። ጫማዋን እያጠለቀች ነው።

መኪናው ላይ ቦታ ከጠፋ እኔና የሺ ጭነቱ ላይ እንወጣለን። አያ ፈንታ ደጅ ስንደርስ፣ ግቡ ሳይሉን፣ እሱ አፉን ሳይከፍት፣ ስሞቹን የፈጠርኩት እኔ ነኝ እላለሁ።