አውቶብሱ ያልደረሰበት ወንዝ

የሺዬ፣

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ረስቼሽ አይደለም። የምነግርሽ ነገር ነበረኝ፤ ከየት እንደምጀምረው ግን ጠፋኝ። አሁን ነሐሴ ነው፣ አሶሳ ዝናቡ ገና አላባራም፣ የማስተምርበት ኮሌጅ ተዘግቷል፣ ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አውጥቼ ጀመርኩ።

በቅድሚያ የቤቱን ልንገርሽ። መቅደስ አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች። ዮናስ ጅማ ሦስተኛ ዓመቱን ጨረሰ። ሶስና ደግሞ፣ አንቺ «ይቺ ልጅ ከጎኔ አትጠፋም» የምትያት፣ ባሕር ዳር ተመድባ ባለፈው መስከረም ሄደች። መናኸሪያ ድረስ ሸኝቻት ስመለስ የግቢውን በር ከፍቼ ከመግባት ይልቅ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ድምፅ የሌለው ቤት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። አሁን ራት በልቼ አንዲት ሳህን አጥባለሁ፣ ከዚያ የምሠራው ነገር የለኝም። አንዳንድ ጊዜ ሬዲዮውን የምከፍተው ለመስማት ሳይሆን ሰው ያለ እንዲመስለኝ ነው።

ከግቢው የጎደለ ሌላ ነገርም አለ። አውቶብሱ የለም። እንዴት እንደምነግርሽ የጠፋኝ ይኼ ነው።

እንዴት እንደጀመርነው ታስታውሻለሽ። ሁለት የውጭ አገር ሰዎች፣ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት፣ በቤት መኪና አሶሳ መጥተው እኛ ሰፈር ካለው ማረፊያ ግቢ ማንጎ ሥር አቁመው ነበር። ሴትየዋ ጠርታ አልጋዋን፣ ምድጃዋን፣ የውሃ በርሜሏን አሳየችሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረሽም። «ይህን አገር አሥራ ስምንት ዓመት ኖርንበት፤ ልጆቹ ግን ከአሶሳ ውጭ ምን ያውቃሉ? በየእረፍቱ ይዘናቸው እንውጣ» አልሽኝ። የሰዎቹ መኪና አጭር ነበረች፤ አንቺም አጭር እንድንፈልግ ነበር ያልሽው። እኔ የብረታ ብረት መምህሩ ግን አልጋ ቆጠርኩ። አምስት ሰው፣ አምስት አልጋ። አንድ መሥሪያ ቤት ከአገልግሎት ያወጣውን የሠራተኞች አውቶብስ ስናገኝ ሜትሬን ዘርግቼ ለካሁት። አሥር ሜትር ከሃያ። ደስታዬን አልቻልኩትም።

አንቺ ግን ያሰብሽው መንገዱን ነው። አዋላጅ ነርስ ሆነሽ በሞተር ብስክሌት ከሰው ኋላ ተፈናጥጠሽ የዞርሽበት አገር ስለሆነ እያንዳንዱን መታጠፊያ ታውቂዋለሽ። አውቶብሱን ከፊት እስከ ኋላ በእርምጃሽ ለክተሽ «ይኼ የሚዞርበት ቦታ የት አለ?» አልሽኝ። ሳቅሁብሽ። ገዝተነው አምስቱን አልጋ ገጠምኩበት።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ያረፍንባቸውን ቦታዎች ሳስብ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ባምባሲ የትምህርት ቤት ግቢ። መንጌ የኳስ ሜዳ። ሆሞሻ ደግሞ የጭነት መኪኖች የሚቆሙበት አቧራማ ሜዳ፣ ልጆቹ የናፍጣ ሽታ እየሸተታቸው ቁርስ የበሉበት። ጥላ አይተን ልንገባ ስንል ቅርንጫፉ ጣሪያውን ይይዘዋል። ጅረት አይተን ልንወርድ ስንል ከኋላ ጎማው አልፎ የተንጠለጠለው ጭራ መሬቱን ይቧጥጣል። ሰፊ ሜዳ ካላገኘን አንዞርም፤ ሰፊ ሜዳ ያለው ደግሞ ሰው የሚበዛበት ቦታ ነው። እሑድ እሑድ የጾሬ የስደተኞች ካምፕ ሠራተኞች በፒክአፕ ከዋናው መንገድ ታጥፈው ዛፎቹ መካከል ሲጠፉ እናያቸው ነበር። እኛ መንገድ ዳር እንቀራለን። አንቺ ግን አንድ ቀን እንኳ አላማረርሽም። ሁልጊዜ ቀድመሽ ትወርጂና ከኋላ ቆመሽ እጅሽን እያወናጨፍሽ «ና፣ ና፣ ና... ቁም!» ትያለሽ። «ቁም» ስትይ ድምፅሽ ይቀጥናል፤ ልጆቹ በዚያ ይስቁ ነበር።

ወደ ዳቡስ ወንዝ ወደ ወረድንበት ቀን ልደርስ ነው።

የመጀመሪያ ምድብሽ የነበረችውን መንደር ለልጆቹ ማሳየት ትፈልጊ ነበር፣ ገና ሳታገቢኝ፣ ሃያ ሦስት ዓመትሽ ላይ የሠራሽባትን። ሐዋ የምትባል የበርታ ሴት ቤቷ አስጠግታሽ እንደ ታናሽ እህቷ አኑራሽ እንደነበር ስንት ጊዜ ነግረሽኛል። እኔ ግን አላውቃትም ነበር። መንደሯ ለመድረስ ከዋናው መንገድ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ወንዙ ይወረዳል። ግማሹን ደህና ሄድን። ከዚያ ያ እጥፋት መጣ፤ በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ቁልቁለት። አፍንጫው አለፈ፣ ጭራውን ቋጥኙ ያዘው። ወደ ፊት ስል ገደሉ፣ ወደ ኋላ ስል ድንጋዩ። የኋላው መስታወት ተሰነጠቀ። ፀሐዩ፣ ላቡ፣ የሞተሩ ጩኸት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሁለት ሜትር ቁረጠው ብዬህ ነበር እኮ» አልሽኝ ቀስ ብለሽ።

«ልጆቼን የት ላስተኛቸው?»

«ውጭ ይተኛሉ። ወንዝ ዳር ያመጣሃቸውን ልጆች አልጋ ላይ ለመቁጠር ነው እንዴ?»

ልክ ነበርሽ። ልክ ስለነበርሽ ነው የተናደድኩት። ልጆቹ ፊት «እንግዲያው በእግርሽ ሂጂ!» አልኩሽ። ጮክ ብዬ። አንቺ አየት አደረግሽኝ፣ ነጠላሽን ወገብሽ ላይ አሰርሽ፣ ውሃ በጀሪካን ያዝሽና ልጆቹን አስከትለሽ ወረድሽ። ጥቂት ሄደሽ ዞር አልሽ። «ስትጨርስ ተከተለን፤ ሩቅ አይደለም» አልሽኝ።

አልተከተልኩሽም። መንገደኞች ተባብረውኝ ቀትር ሳይሆን አውቶብሱን አውጥቼ ሰፋ ያለ ቦታ አቁሜዋለሁ። ልመጣ እችል ነበር። ከመኪናው ሥር ገብቼ ያልተበላሸ ነገር ሳጠባብቅ ዋልኩ፣ እልኼን ይዤ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጣችሁ። የልጆቹ ፀጉር እርጥብ ነው፤ ስለ ታንኳው፣ ስለ አሸዋው፣ እንዴት እንደዋኙ ሦስቱም በአንድ አፍ ያወራሉ። አንቺ ለምን አልመጣህም ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ብትጠይቂኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው እረፍት አሳጥረዋለሁ አልኩሽ። እረፍቱ ሲመጣ የመንገዱ ጸጥታ አላስተማመነንም፤ መውጣቱም ማሳጠሩም ቀረ። ከዚያ የወንድሜ ሠርግ መጣ። ከዚያ ጎንሽን ያምሽ ጀመር፤ ጉበትሽ ነው ተባለ፤ አሶሳና አዲስ አበባ ስንመላለስ ያ ሁሉ ወር አለቀ። አንድ ቀን ከአልጋሽ አጠገብ ሆኜ «ተሽሎሽ ወንዝሽ ዳር እንወርዳለን» ስልሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ፈገግ አልሽ። አመንሽኝ ወይስ አዘንሽልኝ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሙት ዓመትሽን ካወጣን በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የብረት መቁረጫ ግራይንደሩን ይዤ ከአውቶብሱ ኋላ ቆምኩ። በጠመኔ መስመር አሰመርኩ፣ ልክ ሁለት ሜትር። የሚቆረጠው የልጆቹ ሁለት አልጋና ያንቺ ቁም ሳጥን ያለበት ነው። ማሽኑን አስነሳሁት፣ አጠፋሁት። ቆርጬ ማንን ልወስድበት? አልጋ እንዳይጎድል ብዬ ያን ያህል የተሟገትኩበት መኪና ውስጥ የሚተኛ ሰው አልቀረም። በመጨረሻ ለኮሌጁ ሰጠሁት፤ ተማሪዎቼ ብየዳ ይለማመዱበታል። ቁም ሳጥንሽን ግን ነቅዬ መኝታ ቤታችን አስገብቼዋለሁ።

በምትኩ አንድ ያረጀ ሚኒባስ ወንበሮቹን አውልቄ አንድ አልጋና አንድ የጋዝ ምድጃ ገጠምኩበት። አምስት ሜትር አይሞላም። የሺዬ፣ የማይገባበት ቦታ የለም። ሆሞሻ ያ ቅርንጫፍ የከለከለን ማንጎ ሥር ገባሁ። ከመንጌ ወጣ ብሎ ሽመሉ፣ የቆላው ቀርከሃ፣ መካከል ገባሁ፤ ነፋስ ሲመጣ ቅጠሉ እንደ ሰው ያንሾካሹካል። የቀረብን ቦታ ሁሉ ክፍት ነበር። ግን ከኋላዬ ቆሞ «ና፣ ና» የሚለኝ የለም። መስታወቱን እያየሁ ብቻዬን እገባለሁ፣ አቆማለሁ፣ ሞተሩን አጠፋለሁ። «እንዴት ያምራል!» ልል እዞርና አፌን እዘጋለሁ። አምስት ሆነን ማረፊያ ስንፈልግ አገሩ ይጠብበን ነበር። ለአንድ ሰው ግን ሞልቷል፤ ምንም አያደርግልኝም እንጂ።

ሚያዝያ ላይ ወደ ዳቡስ ወረድኩ። ወር ሙሉ ሳመነታ ቆይቼ ነው። ያ እጥፋት ጋ ስደርስ ማርሽ ቀነስኩ። መሪውን ጠመዘዝኩ፣ ሚኒባሱ አለፈ። ወደ ኋላ እንኳ ሳልል፣ በአንድ ጊዜ። ያን ያህል ያጣላን ቦታ እንደዋዛ ታለፈ። አቁሜ መሪው ላይ ተደፋሁ። ካለቀስኩ ቆይቼ ነበር።

መንደሩ ስደርስ አንዲት ጠና ያለች ሴት ከሽመል አጥሯ ወጥታ የማን ሰው ነህ አለችኝ። የየሺ ባል ነኝ አልኳት። ፊቷ በራ። ከመኪናው ኋላ አንቺን ትፈልግ ጀመር፤ ሐዋ መሆኗን ያኔ አወቅሁ። ማረፍሽን አልሰማችም ነበር፤ እኔ ነገርኳት። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች፣ «ኢና ሊላሂ» አለች፣ ራሷን በሻሿ ሸፈነች።

ኋላ ላይ ስለዚያ ቀን ነገረችኝ። አማርኛዋን ታውቂዋለሽ፣ ወንድና ሴት አትለይም፤ አንቺን «እሱ» እያለች ነው የምታወራው።

«ያን ቀን የሺ መጣ። እኔ የማሽላ ገንፎ ሠራሁ፣ ባሚያ ወጥ ሠራሁ። ልጆች በላ። የሺ አልበላም። ባሌ ይመጣል፣ አብረን እንበላለን አለ። መንገድ ወጣ፣ አየ፣ ተመለሰ። ደግሞ ወጣ፣ ደግሞ ተመለሰ። ፀሐይ ዞረ። ገንፎ ቀዘቀዘ።»

«ተናዳብኝ ነበር?» አልኳት።

ሐዋ ራሷን ነቀነቀች። «አልተናደደም። ባሌ ግትር ነው፣ ግን ይመጣል አለ።»

ሳትበዪ ነው የተመለስሽው። ዳገቱን ሁሉ በባዶ ሆድሽ ወጥተሽ። ያን ምሽት አውቶብሱ ውስጥ ደረቅ ዳቦ ቶሎ ቶሎ ስትበዪ አይቼ «ምነው፣ እዚያ አላበሉሽም እንዴ?» ብዬ ቀልጄብሽ ነበር። አንቺ ዝም ብለሽ በላሽ። እኔ ዝምታሽን ኩርፊያ ብዬ ሦስት ዓመት ስሸከመው ኖርኩ። ኩርፊያ አልነበረም። እንዳላፍር ብለሽ ነው የደበቅሽኝ።

ሐዋ አበላችኝ። ያቀረበችልኝን ሁሉ በላሁ። ከዚያ ልጆቹ የዋኙበትን ቦታ አሳየችኝ፤ ጥልቅ ያልሆነ፣ አሸዋው ነጭ የሆነ። አንቺ የተቀመጥሽበትን ድንጋይም አሳየችኝ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ሆኖ መንገዱ ይታያል። ሁለት ቀን እዚያ ቆየሁ። ውሃው ዳር ሆኜ አንቺን ስጠብቅ ዋልኩ ብልሽ ሞኝ አትበይኝ።

ስመለስ ለሦስቱም ልጆች ደወልኩላቸው። ያን ቀን በእነሱ ፊት እንዴት እንደጮኽኩብሽ፣ ከዚያም መምጣት እየቻልኩ እንዴት እንደቀረሁ ነገርኳቸው። መቅደስ «አባዬ፣ መኪናው እንዳልተበላሸ እናውቅ ነበር» አለችኝ። «እማዬ ማወቃችሁን ለአባታችሁ እንዳትነግሩት ብላን ነው።» ጥር ላይ ሊመጡ ያስባሉ፤ ፈቃድ ያግኙ አያግኙ ገና አልታወቀም። ባይሆንላቸው ብቻዬንም ቢሆን ዳቡስ እወርዳለሁ።

የሺዬ፣ ይቅርታ የሚጠየቅበት ጊዜ አልፎብኛል። ሰው ሐዘኔን እንዳይቀሰቅስብኝ እየፈራ አጠገቤ ስምሽን አይጠራም፤ እኔ ግን እጠራዋለሁ፣ ቤቱ ባዶ ቢሆንም ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ። ደግ ነበረች ብዬም በአንድ ቃል አላልፍሽም። ርቦሽ እንደጠበቅሽኝ፣ ገመናዬንም እንደሸፈንሽልኝ፣ የልጅ ልጅ ካየሁ ለልጅ ልጅ እነግራለሁ፣ የእኔን ጥፋት ሳላሳምር። እስትንፋሴ እስካለች ድረስ እንዲህ ሆነሽ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ።

ባልሽ አየለ