በእኔ ፍጥነት

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መስከረም 25

ይድረስ ለውዷ ባለቤቴ፣ ለፌንጣዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ባለፈው ወድቀሽ የተላላጠው ክንድሽስ ሻረ? እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውሃ ማፍሰሱን ትቷል፤ ጓደኛችን ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ግማሽ ቀን ሲፈታታው ውሎ በመጨረሻ ካልሲሽን አወጣበት። አንዱን ብቻ። እናትሽም ደህና ናቸው፤ ትናንት ሄጄ አይቻቸዋለሁ። የሠራሁላቸው አዲሱ ሰው ሠራሽ ጥርስ ልክክ ብሎላቸዋል፤ እሳቸው ግን "የድሮው ይሻለኝ ነበር" እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራሉ። ሠሪው እኔ መሆኔን የረሱት ይመስለኛል። "ልጄ መቼ ነው የምትመጣው?" አሉኝ። "እሷን ይጠይቋት እንጂ" አልኳቸው። "እሷማ አንተን ጠይቂው አለችኝ" አሉና አፍጥጠው አዩኝ። እናትና ልጅ ተማክራችሁብኛል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። እዚያ ውጭ አገር ያለው የብስክሌት ቡድንሽ የሁለት ዓመት ውል አቅርቦልሽ፣ አንቺም "ፈርሚ ካልከኝ እፈርማለሁ፣ ነይ ካልከኝ ብስክሌቴን ሰቅዬ እመጣለሁ" ካልሽኝ ሳምንታት አለፉ። በስልክ ስትጠይቂኝ ስለ ዝናቡ አወራሁሽ። ደግመሽ ስትጠይቂኝ ስለ ልብስ ማጠቢያው። ድምፅሽን ስሰማ አፌ ሌላ ሌላውን ይቀባጥራል፤ ለዚህ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ሳላስብበት ቀርቼ እንዳይመስልሽ። ጥርስ ቤት ቁጭ ብዬ ሰም ሳቀልጥ፣ ጀሶ ስበጠብጥ፣ ከዚህ ሌላ ሐሳብ የለኝም። ዝም ያልኩሽ ስለምቀና ነው። ይኸው ተናገርኩት። ባል በሚስቱ ሲቀና አብዛኛውን ጊዜ በመሃል ሌላ ወንድ አለ። እኔ የምቀናው በእግርሽ ነው።

እሑድ እሑድ ክለባችን መኪና ማጠቢያው ፊት ለፊት ተሰብስቦ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ። ሜዳውን በሰዓት ሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር ከነዳን ማን ይችለናል፤ ሻይ ቤት ገብተን፣ እግራችንን ዘርግተን፣ ስለ ራሳችን ስናወራ እናረፍዳለን። ታዲያ አንድ ቀን ቧንቧ ሠራተኛው ስልኩን ሲነካካ ቆየና "የሚስትህ ውድድር አማካይ ፍጥነቱ አርባ ነጥብ ምናምን ነው፤ ያውም ዳገቱ ተጨምሮበት" አለ። አርባ ማለት ለእኛ ምን እንደሆነ መቼም አትረሺውም። አርባን የምናውቀው ወይ ቁልቁለት ላይ ነው፣ ወይ ውሻ ሲያባርረን ነው። እናንተ ግን ሰዓታት ሙሉ ትነዱበታላችሁ፤ እየበላችሁ፣ እያወራችሁ፣ አፍንጫችሁን እየተናፈጣችሁ።

"ብስክሌቱ ነው እንጂ ሰውማ ያው ሰው ነው" አለ አብሮን የሚነዳው ፋርማሲስት። "እሷ የምትነዳውን ቢሰጡኝ የት በደረስኩ።"

ወሬ መስሎን ስቀን ተለያየን። ሰውየው ግን የምሩን ነበርና ያንቺኑ ዓይነት ብስክሌት፣ ቀለሙ እንኳ ሳይቀር፣ አስመጣ። የገዛበትን ዋጋ ለሚስቱም አልተናገረም አሉ። የመጀመሪያው እሑድ እንደ ሙሽራ አጅበነው ወጣን። ከበፊቱ በአንድ ኪሎ ሜትር ፈጠነ። በአንድ። ቧንቧ ሠራተኛው "የቀሩትን አሥራ ሁለቱን ለብቻቸው ይሆናል የሚሸጧቸው" ቢለው ተቀይሞት እስከ ዛሬ አያናግረውም። እኔም አብሬ ስቄያለሁ፤ ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

እነሱ ምን ቸገራቸው። ለእነሱ አርባ በቴሌቪዥን የሚታይ ቁጥር ነው። እኔ ግን ያስተማርኩሽ ሰው ነኝ። ማርሽ መቀየር ያሳየሁሽ፣ የብስክሌትሽን ካቴና ዘይት የቀባሁልሽ፣ ስትወድቂ ያነሳሁሽ እኔ ነኝ። መጀመሪያ አካባቢ ንፋስ ሲበረታ ጀርባዬ ሥር ትለጠፊ ነበር፤ የፊት ጎማሽ የኋላ ጎማዬን ሊነካ ምንም አይቀረው። ንፋሱን እኔ እጋፈጠዋለሁ፣ አንቺ ተከልለሽ ትነጃለሽ። "ጀርባህ እኮ ግድግዳ ነው" ትይኝ ነበር። እንደዚያ ስትይኝ የማልወጣው ዳገት አልነበረም። ከዚያ አንድ ጠዋት ከጀርባዬ ወጣ ብለሽ አለፍሽኝ። ለጊዜው መስሎኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ያ የአውሮፕላን ማረፊያው ነገር። ለእረፍት መጥተሽ ስትመለሺ ያልሸኘሁሽ "አስቸኳይ ጥርስ አለብኝ" ብዬ ነው። አስቸኳይ ጥርስ የሚባል ነገር እንደሌለ አንቺም አታጪውም፤ ሰው ጥርስ ሳይኖረው ስንት ወር ይከርማል። ምክንያቱ ሌላ ነበር። ከመሄድሽ በፊት ወደ ግድቡ አብረን የነዳንበትን ቀን አስታውሺ። ሰማዩ ጠርቶ፣ መንገዱ ጭር ብሎ። ጎን ለጎን ነበርን። አንዳንዴ እኔ እቀድማለሁ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ትከተይኛለሽ። በሰዓት ሠላሳ አንድ ነዳሁ፣ ፌንጣዬ። እኔ፣ ሠላሳ አንድ። ደረቴ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር፤ የቤታችንን ደረጃ የወጣሁት ብረቱን ተደግፌ ነው። ግን ያን ቀን ንጉሥ ነበርኩ። "አልራቀችኝም" አልኩ በልቤ። "ትንሽ ብሠራ እደርስባታለሁ።"

ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ወጥ ቤት ቆመሽ ከአሰልጣኝሽ ጋር በስልክ ታወሪያለሽ። ድንች እየላጥሽ ስለነበር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽዋል፤ ድምፁ ኮሪደር ድረስ ይሰማል።

"አረፍሽ ወይ?" አለሽ።

"በደንብ" አልሽው። "ዛሬ ከባለቤቴ ጋር ቀስ እያልን ስንንሸራሸር ነው የዋልነው። ላብም አልወጣኝ።"

"ጎበዝ። ነገ ሥራ እንጀምራለን።"

ፎጣዬን እንደያዝኩ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ፈጥኜ አላውቅም፤ ለአንቺ የእረፍት ቀን ነበር። ክፋት አስበሽ እንዳልተናገርሽ አውቃለሁ። የተናገርሽው እውነቱን ነው፣ ያንገበገበኝም እሱ ነው። ትንሽ ብትዋሺው ምን ነበረበት? "ባለቤቴ አድክሞኛል" ብትይው ሰውየው ከየት ያውቃል? ማታ ራት ላይ "ምን ሆነሃል?" ስትይኝ "ድንቹ ጨው በዝቶበታል" አልኩሽ። ጨው አልበዛበትም ነበር።

ዛሬ ውድድርሽን አየን። ቧንቧ ሠራተኛው ቤት ሶፋው ላይ አምስት ሆነን ተጣብበን፣ ሚስቱ ጫማ አስወልቃን። መጨረሻው ሲቃረብ ካሜራው ወደ ፊት ሄደና አገኘሁሽ። ከሁሉም ፊት ነበርሽ። አንገትሽን ደፍተሽ፣ ክርንሽን ሰብስበሽ፣ ንፋሱን ብቻሽን ትጋፈጪዋለሽ። ከጀርባሽ ደግሞ ያቺ ረጅሟ፣ የቡድንሽ አለቃ፣ ተከልላ ትነዳለች። አቀማመጧ ራሱ አያምርም፤ ኮርቻው ላይ የተሰቀለች ኮት ትመስላለች። እሷ እንድታሸንፍ አንቺ እንደምትደክሚላት ነግረሽኝ ነበር፤ ሥራሽ እንደሆነም ገብቶኝ ነበር። በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው። ጎማዋ የተጠጋበትን ርቀት አውቀዋለሁ። ጀርባሽን ለሌላ ሰው ሰጥተሽ ሳይሽ አንጀቴ አረረ። እኔን አንድ ቀን እንደዚያ ከልለሽኝ ታውቂያለሽ? ባትከልይኝም መብትሽ ነው፤ እኔ ተከልዬም አርባ ላይ አልቆይም።

ከዚያ በቃኝ ለማለት ክንድሽን ወዝወዝ አድርገሽ ወደ ጎን ወጣሽ። ጉልበትሽ ማለቁን አየሁ፤ ትከሻሽ ሲወድቅ አውቅብሻለሁ። ረጅሟ አለፈችሽ፤ ሌሎቹም አለፉሽ፤ ካሜራው ከእነሱ ጋር ሄደ። ተናጋሪው አንድም ጊዜ ስምሽን አላነሳም። ረጅሟ አንደኛ ስትወጣ ሶፋው ላይ ያሉት "የእኛ ልጅ ቡድን አሸነፈ" ብለው አጨበጨቡና ጫማቸውን ሊያደርጉ ተነሱ። እኔ ቁጭ ብዬ እስክትገቢ ጠበቅሁ። አበባ ሲሰጥ አሳዩ፣ ማስታወቂያ መጣ፣ ፕሮግራሙ አለቀ። ስትገቢ አላሳዩሽም። ውጤቱን በኋላ ስልኬ ላይ ሳየው ወደ መጨረሻው ነው ያገኘሁሽ።

ያኔ የተሰማኝን ልንገርሽ፤ አንብበሽ ወረቀቱን ብትቀጂው አልፈርድብሽም። ደስ አለኝ። "እሷንም ጥለዋት ይሄዳሉ" አልኩ። እረፍትሽ ካለቀ ወዲህ እንደዛሬ ቀሎኝ አያውቅም። የቤታችንን ዳገት በብስክሌቴ እያፏጨሁ ወጣሁት። ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ሳህን ሳጥብ ሐሳቤ ቀጠለ። ነይ ብላት ትመጣለች፣ ቃሏን አታጥፍም አልኩ። ትመጪና ሥራ ትይዣለሽ፤ እሑድ እሑድ ከእኛ ጋር ትነጃለሽ። በመጀመሪያው ዓመት እየጠበቅሽኝ፣ በሁለተኛው ትንሽ እያለከለክሽ፣ በሦስተኛው በእኔ ፍጥነት። ጎን ለጎን፣ ማንም ማንንም ሳያስጠብቅ። እንዴት ያለ ጣፋጭ ሐሳብ እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም። ውሃው ሳይዘጋ እየፈሰሰ፣ እጄ አረፋ ውስጥ ሆኖ፣ አንቺን ዓመት በዓመት ሳደክምሽ ቆየሁ። ደግሞ ፈገግ ብዬ። ፈገግ ማለቴን ያወቅሁት መስኮቱ ላይ ፊቴን ሳየው ነው። ውሃውን ዘጋሁ፤ እጄን በቅጡ ሳላደርቅ ይህን መጻፍ ጀመርኩ፤ ከላይ የተጨማለቀው የሳሙና ውሃ ነው።

ፈርሚ።

ቅናቴ አልፏል ብዬ አልዋሽሽም። ነገም እቀናለሁ። ረጅሟንም እጠላታለሁ፤ ሰላምታ አታቅርቢልኝ። እኔ ወደ አንቺ መጥቼ ልኑር ብል ደግሞ ከወር በኋላ የውሃ ኮዳሽን እየሞላሁ በየቀኑ ፊቴን ጥዬ ታገኚኛለሽ፤ ስለዚህ እዚሁ ከጥርሶቼ ጋር እቆያለሁ። ፈቃድ ስወጣ እመጣለሁ፣ አንቺም ስታርፊ ትመጫለሽ። እናትሽን እኔ አያቸዋለሁ፤ ስለ ጥርሳቸውም እችላቸዋለሁ።

ፈጣሪ ጎማሽን ከጠጠር፣ አጥንትሽን ከአስፋልት ይጠብቅልኝ። የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ። ስትወድቂ የሚያነሳሽ ደግ ሰው አይጥፋ፤ እኔ ሩቅ ነኝ።

ይህ ሲደርስሽ ሳታሳድሪ ፈርሚ። ደውለሽ ግን "እርግጠኛ ነህ?" ብለሽ አትጠይቂኝ። ከጠየቅሽኝ ነይ እላለሁ።

ባለቤትሽ