የልጆቹ ውሳኔ

ለምወድሽ ልጄ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ልጅሽ የምትማርበት ክፍል የስድስት ዓመቱም የአሥር ዓመቱም ልጅ አብሮ የሚውልበት ነው። ደንቡን የሚያወጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ባለፈው ወር ትልልቆቹ ስለ ልጅሽ፣ «ወሬ ታበዛለች፤ ማንም እንዳያናግራት» አሉና እጅ አስወጡ። ልጅሽ ፊደል ያስቆጠረቻት የጎረቤታችን ትንሽ ልጅ እንኳ እያለቀሰች እጇን አወጣች። የነገረችኝም ይህችው ትንሽ ልጅ ናት።

ሄጄ አስተማሪዋን ብጠይቃት፣ «እማማ፣ ውሳኔው የልጆቹ ነው፤ እኛ ጣልቃ አንገባም። ደግሞም ለአንድ ሳምንት ብቻ ነበር» አለችኝ ፈገግ ብላ። እውነቷን ነው፣ ሳምንቱ ካለፈ ቆየ።

ቤታችን ጸጥ ብሏል። ድሮ በጥያቄ ራሴን ታዞረው ነበር፤ አሁን ምን ትበያለሽ ስላት በጣቷ ታሳየኛለች። ትናንት በር ጣቷን ቀርቅሮ ቢይዛት፣ ድምፅ ሳታሰማ እስክመጣ ቆማ ጠበቀችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» ይለኛል።

ስትደውዪ እኔን ተይኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደርግላታለሁ፤ እስክትመልስልሽ ድረስ ግን አደራሽን አትዝጊው።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

እናትሽ