ከተውላጠ ስም ፈቀቅ ያላለው ዓመት

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ለአቶ ሪድዋን
ከሚሴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱሏሂ ወበረካቱህ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚያመላልስዎ ሞተር እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ የሪሀና እናት፣ ገበያው ዳር ጨርቅ የምሸጠው ሰዓዲያ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በአደባባይ የጻፍኩልዎ ቢሮዎ ድረስ ደጋግሜ መጥቼ በሩን ብቻ ስላገኘሁት ነው፤ በሩም በትዕግሥት አዳምጦኛል።

አንደኛ፣ የልጆቹ የእንግሊዝኛ መምህር ድምፃቸው ያማረ በመሆኑ እርስዎ ለየበዓሉና ለየስብሰባው መድረክ መሪ አድርገው ስለወሰዷቸው ከተማችን አምሮባታል። በእሳቸው ፈንታ ስለሚልኩልን ተተኪዎችም እናመሰግናለን። እያንዳንዳቸው መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ከፍተው ተውላጠ ስም ያስተምራሉ፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ሳይደርሱ ሌላ ይተካቸዋል፤ አዲሱም ከተውላጠ ስም ይጀምራሉ። የመተካት ተራ የደረሳቸው የስፖርት መምህርማ ልጆቹን ሜዳ ላይ እያስሮጡ ነው ያስጠኗቸው። ተውላጠ ስም ማለት በባለቤቱ ፈንታ የሚቆም ተተኪ መሆኑን ከእርስዎ አሠራር በላይ የሚያስረዳ ስለሌለ ትምህርቱ በሚገባ ገብቶናል። እኔ እንኳ ጨርቅ ስለካ "አይ፣ ዩ፣ ሂ፣ ሺ" እያልኩ ደንበኛ አስቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ያቺ "ሺ" ከመስከረም ጀምራ ሰሌዳው ላይ ቆማለች። ትምጣ፣ ትሂድ፣ ትብላ፣ ትተኛ ያላት መምህር የለም። ሴትዮዋ አሳዘነችኝ።

ሦስተኛውን በፈገግታ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ሚኒስትሪ ፈተና ሰኔ ላይ ነው። ሪሀና ካላለፍኩ ዓረብ አገር እሄዳለሁ ብላለች። ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋን በወረቀት የሚያሳድግላት ደላላ ግን ቤታችን መመላለስ ጀምሯል። ፈርቻለሁ፣ አቶ ሪድዋን። መምህሩን ለቀሩት ሳምንታት ወደ ክፍል ይመልሱልን። መድረኩን እኛ ወላጆች ተራ ገብተን እንመራለን፤ ጭብጨባም ካስፈለገ ይዘን እንመጣለን።

በሁለት ስብሰባዎች መካከል ባለችው ትንፋሽዎ ይህን ስላነበቡልኝ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አመሰግናለሁ። አላህ ለእርስዎ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ለቢሮዎ ወንበርም እርስዎን ይስጠው።

አክባሪዎ፣
ተውላጠ ስምን በልጇ በኩል ተምራ የጨረሰች ወላጅ፣
ሰዓዲያ

ማስታወሻ፦ ደላላውን ለሪሀና እንግሊዝኛ ያስፈልጋት እንደሆነ ጠይቄው ነበር፤ ምንም አያስፈልጋትም አለኝ። በዚህ ጉዳይ ከትምህርት ቤትዎ ጋር ፍጹም የተስማማ ሰው እስካሁን ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።