የሌንጫ አጎዛ

ሲናና፣ ኅዳር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለዲኖ፤

አሰላሙ አለይኩም። ባለህበት ግንባር አላህ ከክፉ ሁሉ ይጋርድህ።

ዛሬ የምጽፍልህ እኔው ራሴ ነኝ። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳትን ፊደሌን አይተህ እንደ ድሮው ሳቅብኝ፤ ግድ የለም። በሰው እጅ የማላስጽፈው ነገር ስላለኝ ነው። አባትህም ሁሉን አያውቅም።

በድዬሃለሁ ልጄ። ስትሄድ «አዮ፣ ዳማውንና ሌንጫን አደራ፣ እንዳትለያያቸው» ብለኸኝ ነበር። እናቷ የሞተችባትን ግልገል ብርድ እንዳይጨርሳት ከፈረስህ ከዳማው ጎን ያስተኛሃት አንተ ነህ። ከጥላዋ ለምትደነግጥ በግ ሌንጫ፣ አንበሳ ብለህ ስም ማውጣትህስ! ከሄድክም በኋላ አልተለያዩም። እሷ ሳትጠጣ እሱ ውሃ አይቀምስም፤ ማታ ከዘገየች በረቱ በር ላይ ቆሞ እያሽካካ ይጠብቃታል።

ደብዳቤህ ስምንት ወር ሲጠፋብኝ ጨነቀኝ። ለአረፋ ሰደቃ አወጣልሃለሁ ብዬ ተሳልኩ። ላንተ የሚወጣው አንተ የምትወደው ይሁን ብዬ ሌንጫን አሳረድኳት። አባትህ «ሌላ በግ ጠፍቶ ነው?» ቢለኝ እምቢ አልኩት። ሰዉ በልቶ ዱዓ ሲያደርግልህ ደስ አለኝ፤ አይ የኔ ነገር!

አጎዛዋን መስገጃዬ ላደርገው አጥር ላይ አሰጣሁት። ዳማው አገኘው። ደጋግሞ አሸተተው፤ አላሽካካም፤ ግንባሩን አስደግፎበት ዝም ብሎ ቆመ። ሦስት ቀን ገብስ አልቀመሰም። ቢቸግረኝ አጎዛውን በረት ውስጥ አነጠፍኩለት፣ እዚያ ላይ ሆኖ በስንት ልመና መብላት ጀመረ። እኔ የምሰግደው ባዶ መሬት ላይ ነው። ዳማው ጎድኑ ይቆጠራል፤ ብቻ እስክትመጣ ይቆይልኝ።

ሰኞ ሮቤ ገበያ ዘይነዲንን አገኘሁት፤ አብሮህ የዘመተውን የአጋርፋውን ልጅ። በክራንች ነው የሚሄደው። «ዲኖ ሌላ ክፍል ተዛውሯል፣ ይህን ለአዮ አድርስልኝ ብሎኛል» ብሎ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሹራብህን ሰጠኝ። «ደህና ነው ወይ?» አልኩት። «አልሀምዱሊላህ» አለ፤ ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሳም። በዚያ በግንባሩ ብርድ ሹራቡን ወደ ቤት የሚልክ ሰው አለ እንዴ? ቆላ ወስደዋችሁ ይሆናል እያልኩ መጣሁ።

ለአባትህ አላሳየሁትም። ዳማው ጠረንህን ያውቃል፣ ደስ ይበለው ብዬ ወደ በረት ወሰድኩለት። አሁን ያሽካካል ብዬ ጠበቅሁ። ደጋግሞ አሸተተው። ከዚያ ግንባሩን ሹራቡ ላይ አስደግፎ ዝም ብሎ ቆመ።

ፈረስ ምን ያውቃል ልጄ? ምንም አያውቅም። አንድ መስመር ብቻ፣ በገዛ እጅህ፣ ጻፍልኝ።

ሹራቡን አላነጠፍኩለትም። ስትመጣ ብርድ ነው፣ ትለብሰዋለህ።

አላህ በሰላም ያገናኘን፤ አሚን።

እናትህ መሪየም